የአምስተኛው ትራክ ክራር

[አሰላ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ። ግድግዳዋ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል። ከላፕቶፕ ዝግ ያለ ሙዚቃ ይሰማል።]

እዮኤል፦ ባትሪው አልደከመም፣ ኦቦ ሚፍታ። ዘፈኑ ራሱ ነው ዝግ ያለው።

ሚፍታ፦ ለማንኛውም ቻርጀሩን ሰካው።

[እዮኤል ይሰካል። ዘፈኑ እንደነበረው ይጎተታል።]

እዮኤል የመጀመሪያ አልበሙን መሥራት ከጀመረ ዓመት ሞልቶታል። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ቅንብር ተምሮ ሲመለስ፣ አሰላ ውስጥ ስለ ሙዚቃ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ እንደሌለ አልተጠራጠረም። ኦቦ ሚፍታ የዲክሲስ ሰው ናቸው። ቀን ወፍጮ ቤት ይሠራሉ፤ ወፍጮው ሲቆም የልብሳቸውን ዱቄት አራግፈው ክራራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ንግግራቸው ቀስ ያለ ስለሆነ እዮኤል ነገር ቶሎ የማይገባቸው ይመስለዋል።

አልበሙ ቅዳሜ ይመረቃል። እዮኤል ግን የደበቃቸው ነገር ነበር። ከአምስተኛው ትራክ የእሳቸውን ክራር አውጥቶ፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የሌላ ሰው ክራር አስገብቷል። የጠራቸው ይህንኑ ሊነግራቸው ነበር። ፊታቸውን ሲያይ ግን ፈራና ስለ ሙዚቃው ዓይነት ማስረዳት ጀመረ።

እዮኤል፦ ትሪፕ ሆፕ ይባላል። የኮምፒውተር ምት ከእጅ መሣሪያ ጋር ሲዋሃድ ማለት ነው።

ሚፍታ፦ ትሪፕ? በሚኒባስ?

እዮኤል፦ ሚኒባስ የለበትም።

ሚፍታ፦ ታዲያ በምን ይሄዳል?

እዮኤል፦ አይሄድም፣ ኦቦ ሚፍታ። ዘፈን ነው። አልበሙ ስምንት ትራክ አለው።

ሚፍታ፦ [በአድናቆት] በቆጂ እንኳ ለዚያ ሁሉ ሯጭ አንድ ይበቃታል።

እዮኤል ትዕግሥቱ አለቀና ነገሩን አፈረጠው። የእሳቸው ክራር ለሰርግ ጥሩ እንደሆነ፣ ለውጭ አድማጭ ግን እንደማይመጥን፣ ስለዚህ በሌላ እንደተካው ነገራቸው። ይቆጣሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን እስቲ ላድምጠው ብቻ አሉ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ድገመው አሉት። ሲደግመው አሁንም ድገመው አሉት። እዮኤል አልገባቸውም ብሎ አዘነላቸው።

ሚፍታ፦ ማን ነው አልከኝ ሰውየው?

እዮኤል፦ ስሙ አልተጻፈም። በሕይወት መኖሩንም እንጃ። ጣቱን ግን ይስሙት። አይቀየሙኝና፣ እርስዎ እንዲህ አይመቱም።

ሚፍታ፦ እውነትህን ነው። አሁን አልመታም።

እዮኤል መስማማታቸው ልብ ሰጠው። ሰውየው ትልቅ ጌታ መሆን አለበት አለ፤ እንዲህ ያለ እጅ በመቶ ዓመት አንዴ ቢገኝ ነው አለ። ከክራሩ ጀርባ ስለሚሰማው የሴት ድምፅም አወራ። የጥንት ጸሎት እንደሚመስለው፣ ሲያገኘውም ዝግ ተደርጎ እንደነበር፣ እሱም ይበልጥ አዘግይቶ በዘፈኑ ሁሉ እንዲመላለስ እንዳደረገው አስረዳ።

ሚፍታ፦ ጸሎቷን እስቲ ወደ ፍጥነቷ መልሳት።

[እዮኤል እየሳቀ ይመልሳታል። በክራሩ መሐል አንዲት ሴት በጠራ ድምፅ ትጣራለች፦ «ሚፍታ፣ ኮቱ ኛዹ!»]

እዮኤል ኦሮምኛውን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። «ሚፍታ፣ ና ብላ!» ነው የምትለው።

ሚፍታ፦ ፈይሩዛ ናት፣ ባለቤቴ። ሮቤ ሰርግ ላይ ነው። አንድ የውጭ አገር እንግዳ በስልኩ ሲቀዳኝ ነበር። ያኔ ወፍጮ ቤት አልገባሁም፤ ጣቴ አልደነደነም።

የእዮኤል ፊት ጆሮው ድረስ ጋለ። አንድ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ለተቀመጡ ሰው እንዴት መምታት እንዳለባቸው ሲያስተምር እንደኖረ ትዝ አለው።

እዮኤል፦ ይሄን ሁሉ ስለፈልፍ ለምን ዝም አሉኝ?

ሚፍታ፦ [ክራራቸውን እየቃኙ] ሰውየውን እያመሰገንክ ነበር፤ ላቋርጥህ አልፈለግኩም።