ኮምፒውተሮቹ እንዳይሞቃቸው

በኛ አገር ዕቃ ለሰው አይገዛም፤ ሰው ነው ለዕቃ ዘበኛ የሚቀጠረው! አታምኑኝም? እንግዲያው ቆላ ገንዳ ውሃ ከተማ ብቅ በሉና የኮሌጃችንን ቤተ መጻሕፍት እዩልኝ።

እኔ እዚያው የግብርና መምህር ነኝ። ለማስተርሴ ሰሊጥ ስለሚያጠፋ ትል ጥናት እጽፋለሁ። አምና ታዲያ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ «ዘመናዊ የምርምር ማዕከል» ተከፈተ ተባለ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ... የኔይቱ ላፕቶፕ በቆላው ሙቀት ነፍሷን ከሰጠች ሰንብታለች፤ የጥናቴ ማስረከቢያ ደግሞ ደርሷል። እየሮጥሁ ሄድሁ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እትዬ የሺ በር ላይ አስቆሙኝ።

«ጫማህን አውልቅ!»

አወለቅሁ።

«እግርህስ ታጥቧል?»

እንዴ! ለምርምር ነው ወይስ ለጸበል የመጣሁት?

ገባሁ። ወገኖቼ፣ ውጭው ሰው ይቆላል፤ ውስጡ ደጋ ነው! ኮምፒውተሮቹ ዳንቴል ለብሰው ተደርድረዋል... ሙሽራ በሏቸው። ከአየር ማቀዝቀዣው ከኤሲው ሥር የኮሌጁ ዲናችን ሶፋ ላይ ተጋድመው ያንኮራፋሉ። ቀስ ብዬ የአንዷን ሙሽራ ዓይነ ርግብ ገለጥሁና ማብሪያዋን ስጫናት... ድርግም! መብራቱም ኤሲውም ጠፋ። ዲኑ ዘለው ተነሡ።

«ማነው እሱ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ፤ ኮምፒውተር ልከፍት...»

«ልትከፍት?! መስመሩ ሁለቱን አይችልም! ወይ ኤሲው ነው ወይ ኮምፒውተሩ!»

«እንግዲያው ኤሲው ይጥፋና...»

«ኤሲው ከጠፋማ ኮምፒውተሮቹ በሙቀት ይበላሻሉ!»

«ካልተከፈቱ ምን ያሞቃቸዋል?»

ዲኑ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንተ ቴክኖሎጂ አልገባህም» ብለው ወደ ሶፋቸው ተመለሱ።

ለካ «የምርምር ማዕከል» ያሉት የምርምር ክልከላ ኖሯል! ላም አለኝ በሰማይ ይላል ያገሬ ሰው። የኛይቱማ ላም እዚሁ ምድር ላይ ናት፤ ማለብ ነው የተከለከለው።

ምን ላድርግ? ከሞተችው ላፕቶፕ በፍላሽ የተረፈውን ይዤ የጎንደር አውቶብስ ላይ ተሳፈርሁ። አንድ ወፍራም የሰሊጥ ነጋዴ እስከ ጎንደር ትከሻዬን ትራስ አደረገው። በአንድ ጠባብ ኢንተርኔት ቤት፣ ጌም በሚጫወቱ ጎረምሶች ጩኸት መሀል ጥናቴን ቋጨሁና፣ አሳትሜ፣ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ በር ሊዘጋ ሲል ለአማካሪዬ አስረከብሁ።

አማካሪዬ ወረቀቱን ሳይገልጡ ፊታቸው በራ።

«እናንተማ ታድላችሁ! የማዕከላችሁን ዝና ሰምተን፣ እኛ የዚህ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በሙሉ ልምድ ልንቀስም ልንመጣ ነው። ቆላ አላውቅም፤ ምን ልያዝ?»

«ጋቢ» አልኋቸው።