ግሪስሃይምን ማን ዋጠው

ዘርኣማርያም፦ መልስልኝ እንጂ። የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ተጨምቆ በመጨረሻ ምን ጠብ ይለዋል?

ሲራክ፦ ሬንቴ ነዋ፣ ጋሼ።

ዘርኣማርያም፦ ስለ ጡረታ አልጠየቅኩህም። ስለ ዕድሜ ነው።

ሲራክ፦ ያው ዕድሜው ሲደርስ አይደል ሬንቴው የሚመጣው?

(ግሪስሃይም ባቡር ጣቢያ፤ እሑድ ከቀትር በኋላ።)

ጋሽ ዘርኣማርያም አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና የተማሩ፣ ፍራንክፈርት ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፤ የግሪስሃይም እድር መሥራችና ሊቀመንበርም እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው የቆመው ሲራክ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ ይጭናል። እድርተኛው ሁሉ ነገር ቶሎ አይገባውም ይለዋል። ዛሬ ግን "እኔ አደርስዎታለሁ" ብሎ ከቤታቸው አውጥቷቸዋል። የሚሄዱት ሮደልሃይም ወዳለው የኪራይ አዳራሽ ነው፤ የግሪስሃይም፣ የሮደልሃይምና የሄክስት እድሮች ዛሬ ይዋሃዳሉ። መዋሃዱ አልከበዳቸውም። የከበዳቸው ስሙ ነው። ስንቱን አስከሬን አሳፍረው አገር ቤት የላኩበት "ግሪስሃይም" የሚለው ስም እንዳይጠፋ ሊሟገቱ ነው፤ ማስረጃ አድርገው የያዙትም ፊታቸው የተዘረጋውን ሐዲድ ነው።

ዘርኣማርያም፦ ይህ መስመር ድሮ ታውኑስ የሚባል ኩባንያ ነበር። ያኔ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ኩባንያ፣ የራሱ ጣቢያ ነበረው። ከተማው ጫፍ ላይ ሦስት ጣቢያ ጎን ለጎን ቆሞ ይኮራረፍ ነበር። ልክ እንደ እኛ እድሮች።

ሲራክ፦ በኋላስ ተጋቡ?

(ባቡር ደረሰ። በሩ ተከፈተ። ጋሽ ዘርኣማርያም አንድ እግራቸውን አነሡ።)

ሲራክ፦ ሽማግሌ የላከው የትኛው ነው?

(እግራቸው ተመለሰ። በሩ ተዘጋ።)

ዘርኣማርያም፦ ኣንታ ሲራክ፣ ባቡር ሽማግሌ አይልክም፤ ይገዛል። ሉድቪግ የሚባለው የሄሰን ኩባንያ ታውኑስን ገዛው፤ ብዙም ሳይቆይ ለፕሩሺያ መንግሥት አሳለፈው።

ሲራክ፦ ሚስቱን ሸጣት?

ዘርኣማርያም፦ ሚስት አይደለችም አልኩህ።

ሲራክ፦ ቢሆንም ሉድቪግ ጨካኝ ነው።

ሉድቪግ ሰው እንዳልሆነ ማስረዳቱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሲራክ ደግሞ ሰው ካልሆነ ለምን የሰው ስም አወጡለት ብሎ ችክ አለ። ሁለተኛው ባቡር ሲገባ ጋሽ ዘርኣማርያም ጀርባቸውን ለሐዲዱ ሰጥተው በከዘራቸው መሬቱ ላይ መስመር ይሥሉ ነበር። ሉድቪግንም በተራው መንግሥት እንደ ዋጠው፣ ሦስቱ ጣቢያዎች ቀርተው በምትካቸው ትልቁ ዋና ጣቢያ፣ ሃውፕትባንሆፍ፣ እንደ ተሠራ፣ ዛሬ ደግሞ የባቡሩ ባለቤት ብዙ ሆኖ መንገደኛው በአንድ ቲኬት ከጫፍ ጫፍ እንደሚሄድ ተነተኑ። ፊታቸው በርቷል። እንዲህ አጥብቆ የሚጠይቃቸው ሰው ካገኙ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ራሕዋ እንኳ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ "ፓፓ፣ ሽፔተር"፣ በኋላ፣ ብላ ነው የምትነሣው።

ሲራክ፦ ታዲያ የታውኑስ ስሙ የት ገባ?

ዘርኣማርያም፦ ስሙማ አለ። ተራራው ታውኑስ ይባል የለ?

ሲራክ፦ ተራራው ከባቡሩ በፊት አልነበረም እንዴ?

(ሦስተኛው ባቡር መጥቶ ሄደ።)

ዘርኣማርያም፦ ትልቁ ትልቅ የሚሆነው የትንሾቹን ስም አስረስቶ ነው። መንገደኛው እንደሆነ ቀጥ ብሎ ካደረሱት ስም አይጠይቅም። ለዚህ እኮ ነው ዛሬ እኔ እዚያ አዳራሽ መገኘት ያለብኝ።

(የሲራክ ስልክ ጠራ። ዞር ብሎ "እሺ፣ እሺ" አለና ዘጋው።)

ሲራክ፦ አለቀ፣ ጋሼ።

ዘርኣማርያም፦ ምኑ?

ሲራክ፦ ስብሰባው። "ራይን ማይን እድር" ተብሏል። በሙሉ ድምፅ።

ዘርኣማርያም፦ እኔ እዚህ ቆሜ እንዴት ነው ሙሉ ድምፅ የሚሆነው?

ሲራክ፦ "በሰዓቱ ያልተገኘ እንደ ተስማማ ይቆጠራል" የሚለው አንቀጽ የእርስዎ አይደለም?

የእሳቸው ነው። እድርተኛው አርፍዶ እየመጣ ያለቀውን ጉዳይ እንደ ገና ሲያስጀምር ቢያንገፈግፋቸው ጠረጴዛ እየደበደቡ ያስጸደቁት ነው። ሌሎቹ እድሮች ከግሪስሃይም ወድደው የወሰዱትም ይህንኑ አንድ አንቀጽ ነበር።

ዘርኣማርያም፦ አንተ ነህ ያስቀረኸኝ። እንደ ሰው ቶሎ ቢገባህ ኖሮ ደርሼ ነበር።

ሲራክ፦ የገባኝማ ጠዋት ነው። ለተኪዳን "ስለ ባቡር ጠይቀው፤ ሌላ ምንም አይጠበቅብህም" አለችኝ።

ዘርኣማርያም፦ የእኛዋ ለተኪዳን? ምክትሌ?

ሲራክ፦ የእርስዎዋ። እርስዎ ካሉ ስብሰባው እስኪነጋ አያልቅም ብላ ነው።

(ጋሽ ዘርኣማርያም ከዘራቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ።)

ዘርኣማርያም፦ ሊቀመንበሩስ ማን ሆነ?

ሲራክ፦ እኔ።

ዘርኣማርያም፦ አንተ? ተስማማህ?

ሲራክ፦ ምን ላድርግ፣ አልተገኘሁማ።

አራተኛው ባቡር መጣ። ሲራክ ገብቶ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ፤ ጋሽ ዘርኣማርያም ፊት ለፊቱ። ሊቆጡት ፈልገው ነበር፤ ቁጣው ግን እንደ አሰቡት አልመጣላቸውም። የመጣባቸው ሌላ ነገር ነው፤ ያን ሁሉ ጥያቄ ከልቡ መስሏቸው ነበር።

ዘርኣማርያም፦ ሲራክ።

ሲራክ፦ አቤት።

ዘርኣማርያም፦ በሮደልሃይም የሚያልፈውን፣ የሆምቡርጉን መስመር አልነገርኩህም። እስቲ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀኝ። የፈለግከው ዓይነት ይሁን፤ የሞኝም ቢሆን።

(ሲራክ ስልኩን ይነካካል። ሃውፕትባንሆፍ ደረሱ። ምንም አልጠየቀም።)