የታሚት ሞትና የቅንድባችን ጉዳይ

ቀን፦ የፋርሱ ንጉሥ ግብፅን በያዘ በዘጠነኛው ዓመት፣ ዓባይ በሞላ በሁለተኛው ወር፣ 12ኛው ቀን፣ ጠዋት
ቦታ፦ ቡባስጢስ፣ የድመቷ አምላክ የባስቴት ቤተ መቅደስ፣ የዕቃ ቤቱ ደጃፍ

የተገኙ፦
1. ፔቴሴ፣ ሊቀ ካህናት፣ ሰብሳቢ
2. አንክሆር፣ የዕቃ ቤት ሹም
3. ፓሚዩ፣ የድመቶች ጠባቂ
4. ሐርዋ፣ ጸሐፊ (ሳይጠየቅ የተመረጠ)

ያልተገኘ፦ ኔስሚን፣ ካህን፤ ቤቱን ጎርፍ ስለከበበው ጣራው ላይ ነው። ሲጮህ ስለሚሰማ ምልዓተ ጉባኤው እንደተሟላ ተቆጠረ።

አጀንዳ አንድ፦ ቅንድብ

የቤተ መቅደሷ ድመት ታሚት ከጠፋች ሦስት ቀን ስለሞላት፣ እንደ ሞተች ተቆጥሮ ሁላችንም በሥርዓታችን ለሐዘን ቅንድባችንን መላጨት እንዳለብን አንክሆር አስገነዘቡ። ሰብሳቢው በበኩላቸው፣ ዛሬ ለምሳ የሚመጣው የፋርሱ ገዢ ባጋዳታ አምና ቅንድብ የሌላቸው ካህናት አይቶ «ለአመፅ ተማምለዋል» በማለት ቤተ መቅደሳቸውን ማሸጉን አስታወሱ። የግራው ብቻ ይላጭ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ገዢው በየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ ስለማይታወቅ ውድቅ ሆነ። ከረጅም ውይይት በኋላ ቅንድብ ተላጭቶ ቦታው ኩል እንዲቀባ ተወሰነ። ወዲያው ተላጨን።

ፓሚዩ ምላጩን አልነካም አለ። «ታሚት እኔን ሳትነግረኝ አትሞትም» ማለቱ እንዲመዘገብ ተደረገ።

አጀንዳ ሁለት፦ ፓሚዩ

ድመቷ የጠፋችው በር ባለመዘጋቱ ስለሆነ፣ ጠባቂው በሕጉ መሠረት ይገደል ሲሉ አንክሆር አመለከቱ። «በር መዝጋት ያቃተው ሰው ደግሞ ነቢይ ሊሆንብን ነው?» አሉ። ፓሚዩ ዓሣ እያላመጠ አጉርሶ እንዳሳደጋት ተናገረ። ጸሐፊው ይማር ለማለት እጁን አወጣ፤ ጸሐፊ ግን ድምፅ የለውም። ከጣራው የተሰማው ጩኸት ድጋፍ ይሁን ወይስ «አውጡኝ» የሚል ስላልተለየ አልተቆጠረም። ተከሳሽም ድምፅ ስለሌለው ቅጣቱ ሁለት ለዜሮ ጸድቆ፣ ምሳውን እንዳያውክ ከምሳ በኋላ እንዲፈጸም ተወሰነ።

አጀንዳ ሦስት፦ አቀባበል

ኩሉ በላብ ጉንጫችን ድረስ ስለወረደ ጸሐፊው ይህን የሚጽፈው በአንድ ዓይኑ ነው። ሰብሳቢው የክብር ልብሳቸው እንዲመጣ ስላዘዙ፣ አንክሆር ከሦስት ቀን በፊት የቆለፉትን ዕቃ ቤት ከፈቱ። ታሚት በልብሱ ላይ አራት ልጆች ወልዳ ተኝታለች። አየት አድርጋን መልሳ ጨፈነች። አንክሆር፣ ይህ እርሳቸው በር በሚገባ እንደሚዘጉ ማስረጃ መሆኑን ገለጹ።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ቅንድብም ዛሬውኑ ወደ ቦታው እንዲመለስ ታዟል። እስኪመለስ ድረስ ቅንድብ ያላቸው ክቡር ፓሚዩ ብቻ ስለሆኑ ገዢውን እንዲቀበሉ፣ እኛም ዕቃ ቤት ገብተን እንዲቆለፍብን በሙሉ ድምፅ ተስማማን። ክቡር ፓሚዩ «እኔ እኮ በር መዝጋት ያቃተኝ ሰው ነኝ» ሲሉ አስታወሱ።

ስብሰባው እኩለ ቀን ላይ፣ በሩ ከውጭ ጥርቅም ተደርጎ ሲዘጋ አበቃ።