አፍንጫሽ ምንን ይወክላል?

ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል፤ ዓይንአዲስ ግን ያለመችው በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ስብሰባ ላይ ነው። ለአንድ የኮምፒውተር ድርጅት ዓርማ ስትነድፍ ሰባት ወር ለፍታለች። መቶ ሥዕል ሥላ ጥላ፣ በመጨረሻ የቀራት አንድ ቅስት መስመርና ከላዩ አንዲት ነጥብ ነበር። የድርጅቱ ኮሚቴ ደግሞ «ትርጉሙ ምንድን ነው? ስንዴ ይጨመርበት፤ ርግብም አትቅር» እያለ ሦስተኛ ሰዓቱን ይዟል። ዓይኗ ተከደነ።

በሕልሟ ላፕቶፖች እግራቸውን አነባብረው፣ ጭናቸው ላይ ሰው አስቀምጠው አፍንጫውን ይጫኑ ነበር።

«ይኼ ሰውዬ ስታክ አደረገብኝ እኮ!» አለ አንዱ። «ላጥፋውና ላብራው መሰለኝ።»

ወዲያው ራሷን ሰልፍ ውስጥ አገኘችው። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጡት ዓርማዎች ናቸው፤ ባለጥርሱ መዘውር ሊቀመንበር፣ የስንዴ ዛላ ጸሐፊ፣ ርግብ አባል። ሰው ተራ በተራ እየቀረበ የገላውን ትርጉም ያስመዘግባል።

«ራሰ በራነቴ ብሩህ ተስፋን ይወክላል» አሉ ከፊቷ የነበሩት ሽማግሌ።

«ይለፉ!»

ተራዋ ደረሰ። «አፍንጫሽ ምንን ይወክላል?» አለ መዘውሩ።

«አፍንጫዬ? እተነፍስበታለኋ።»

«ትርጉሙን ነው የጠየቅንሽ!»

«የአባቴ አፍንጫ ነው። ያየኝ ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል፤ ከዚህ በላይ ምን ትርጉም አለ?»

ርግቧ ራሷን ነቀነቀች። «ባዶ ነገር ነው። ግንባሯ ላይ ስንዴ ይብቀል፤ ጆሮዋም ጥርስ ያውጣ።»

ስንዴው ከወንበሩ ተነሥቶ ተጠጋት። ዓይንአዲስ ፈራች፤ ከፍርሃቷ ግን ኩራቷ በለጠ።

«እኔ ሙሉ ነኝ! የሚጨመርም የሚቀነስም የለኝም!» ብላ ጮኸች።

በገዛ ጩኸቷ ነቃች። ተሰብሳቢው ሁሉ ወደ እሷ ዞሯል። የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ገዝሙ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«ይኼው ትርጉሙ ተገኘ፤ ሙሉነት! ምነው ቀድመሽ ብትነግሪን፣ ልጄ? ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ» አሉ። ማንም ሳይቃወም ጸደቀ።

ዓይንአዲስ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። አቶ ገዝሙ ዓርማውን ለጭብጨባ ከፍ ሲያደርጉት ግን ነጥቧ ከታች ነበረች። ለካ ሦስት ሰዓት ሙሉ የተከራከሩት ገልብጠው ይዘውት ነው። ተነሥታ ሄደችና ወረቀቱን እዚያው እጃቸው ላይ አዞረችው።

«እንዴ! አሁንስ ይበልጥ አማረ» አሉ አቶ ገዝሙ። «ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም» አለች፣ ቀና ብላ።