የኦቦ ገመቹ ጓሮ ድንጋይ

ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት ስለ ምን የሚጨነቅ ይመስላችኋል? ስለ መሠረቱ? ስለ ጣሪያው? ተዉኝ እባካችሁ። እኔ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ሲሚንቶ ሳቦካና ድንጋይ ስሸከም ወገቤ ያለቀ ሰው ነኝ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰው የሚጨነቀው ስለ አላፊ አግዳሚው ነው። በመንገድ በኩል ያለው ግድግዳ ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፣ አቅም ካለም ድንጋይ ይለብሳል። በጓሮ በኩል ያለውን ሄዳችሁ እዩት፤ ጭቃው ተሰነጣጥቆ፣ እንጨቱ አፍጥጦ፣ ጭዱ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ማን ያየዋል ተብሎ ነዋ!

እሳት ያየዋል።

ሱሉልታ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ገበሬ አሉ። ቤታቸው ፊቱን ለኮብልስቶኑ፣ ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ የተቀመጠ ነው። ዳገቱን የእሳቸውና የጎረቤቶቻቸው ባህር ዛፍ ሞልቶታል፤ ከዛፉ በላይ ደግሞ ከእንጦጦ የሚወርደው አስፋልት አለ። ባህር ዛፍን መቼም ታውቁታላችሁ፤ በጋ ላይ ቅጠሉ ደርቆ ክብሪት የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። አምና አንዱ ከመኪና ላይ ሲጋራ ወረወረ መሰለኝ፣ ዳገቱ ተያያዘና እሳቱ አጥር ድረስ ወረደ። የኦቦ ባለቤት አዴ ጫልቱ እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ ብቻቸውን አይነሱም፤ አልጋቸው ያለው ደግሞ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ነው። ከነፍራሻቸው ተሸክመን ነው ያወጣናቸው። እሳቱ ጠፋ። ግድግዳው ያው ቀረ።

ዘንድሮ ኦቦ አንድ መኪና ጠርብ ድንጋይ አስመጡ። የሚበቃው ለአንድ ግድግዳ ብቻ ነው። በየት በኩል ይለጠፍ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም፤ ይሄ ይጠየቃል እንዴ? እኔም ድንጋዩን ወደ ፊት ለፊት ማጋዝ ጀመርኩ። ትንሽ ልረፍ ብዬ ብቆም፣ ትከሻዬ ሲያርፍ አፌ አላርፍ አለ።

«ኦቦ፣ ለምን በጓሮ በኩል አናደርገውም? ድንጋይ አይነድም እኮ።»

ግንበኛው ሳቁን ለቀቀው። «ለማን እንዲታይ? ለጅብ?»

«አንተ ጉርባ!» አሉ ኦቦ፤ ወጣቱን ሁሉ ጉርባ ነው የሚሉት። «ሙሽራ ፊቷን ትታ ጀርባዋን ትኳላለች?»

ይሄኔ ከውስጥ የአዴ ጫልቱ ድምፅ መጣ። ባላቸውን የሚጠሩት በትልቁ ልጃቸው በቶላ ስም ነው።

«አባ ቶላ! አምና እሳቱ በየት በኩል ነው የመጣው? በኮብልስቶኑ ነው እንዴ፣ እንደ እንግዳ በር አንኳኩቶ?»

ግንበኛው ያነሳውን ድንጋይ መልሶ አስቀመጠ።

«እዚህ ተኝቼ የምነደው እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው፤ «አላፊ አግዳሚው አይደለም።»

ድንጋዩ በጓሮ በኩል ሆነ። ወደ ፊት ያጋዝኩትን መልሼ ወደ ኋላ ያጋዝኩትም እኔው ነኝ፤ ምክር መስጠት እንዲህ ወገብ ይቆርጣል። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ኬሻ ነበር፤ ፍንጣሪ ቢገባበት አንድ ደቂቃ አይቆይም። እሱን ገነጠልንና ከጣሪያው ስር ያለውን ክፍተት በቆርቆሮ ቁራጭ ደፈንነው። ነገሩ ሲሳካ ጊዜ ልቤ ሞላና፣ «ኦቦ፣ ለቤቱ የቀረበውን ዛፍም ቢያስቆርጡት» አልኩ።

«ዛፌን? እንደ ልጅ ያሳደግኩትን? አፍህን ዝጋና ሥራህን ሥራ!»

ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ኦቦ እንቅልፍ አጡ። ሰው በኮብልስቶኑ ሲያልፍ የሚያየው ያንኑ የድሮ ጭቃ ነው። «ድንጋዩስ የት ደረሰ?» ይሏቸዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ክንዱን ይዘው ጓሮ ይወስዱታል፤ ሰውየው ሰላም ሊል መጥቶ ግድግዳ አድንቆ ይመለሳል። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ሲመለሱ፣ አስፋልቱ ላይ ሆነው አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ቤታቸውን ፈለጉት። ከዛፍ በቀር ምንም የለም። እንደ ደረሱ እኔን አስጠሩኝ።

«ነገ መጥረቢያ ይዘህ ና።»

ለእሳት ፍርሃት አንዲት ቅርንጫፍ ያልሰጡ ሰው፣ ለሚኒባስ ተሳፋሪ ዓይን የራሳቸውን ዳገት መላጣ አደረጉት! ግንዱን እኔ ተሸከምኩ፤ ጭራሮና ቅጠሉን የሰፈር ሴቶች ጠርገው ለማገዶ ወሰዱት። መሬቱ ላይ ጉቶና አፈር ብቻ ቀረ። ድንጋዩማ ከአስፋልቱ ላይ ሲታይ፣ ምን ልበላችሁ፣ ያምራል።

ጥር ላይ አንድ ከሰዓት፣ ነፋስ እያጋፈረው እሳቱ እንደገና ወረደ። በጎረቤታቸው በነጋዴው በሐጂ ዛፍ በኩል እየተንጣጣ መጣና የኦቦ ገመቹ ድንበር ላይ ሲደርስ የሚበላው አጣ። ቆመ። አንዳንድ ፍንጣሪ እየበረረ ድንጋዩ ላይ አርፎ ጠቆረ። አዴ ጫልቱ መስኮታቸውን ዘግተው አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ ዋሉ፤ ፍራሽ ያነሳ የለም። እኛ ሁላችን በርጥብ ቅርንጫፍ እየደበደብን የሐጂን ቤት ለማትረፍ ነበር የምንራወጠው። አጥራቸውና የተወሰነ ዛፍ ነደደ፤ ቤቱ ለጥቂት ተረፈ።

በማግስቱ ሐጂ ፊታቸው ገና ጥላሸት እንደለበሰ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ እንደ ገመቹ በጓሮ በኩል ድንጋይ አልብሱኝ። ድንጋዩ ነው ያዳነን ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ እያወራ ነው።»

ላስረዳቸው ፈለግሁ። እሳቱ የቆመው ድንጋዩ ጋ ሳይደርስ ነው፤ የሚነድ ነገር ስላጣ ነው ልል አሰብኩ። ደግሞ ደከመኝ። በዚያ ላይ ይሄን ንግግር አንዴ ሞክሬው ምን እንደተባልኩ አውቃለሁ።

«ይቻላል ሐጂ» አልኳቸው። «ግን የተረፈው ዛፍዎ ስለሚጋርደው ከአስፋልቱ አይታይም።»

ሐጂ ዳገቱን ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«መጥረቢያ አንተ ጋ አለ?»