ሊቀ ቀለማት አድማሴ ሳያበራ አያስረክብም

የታዘዘውን ብቻ ሠርቶ የሚያስረክብ ባለሙያ በዚህ ዓለም አልተፈጠረም። ሱሪ አሳጥርልኝ ሲሉት የሚያጠብ ልብስ ሰፊ፣ ጸጉር አስተካክለኝ ሲሉት ጢም የሚላጭ ጸጉር ቆራጭ በየከተማው ሞልቷል። መካነ ሰላም ግን በዚህ ረገድ ሌሎቹን ታስከነዳለች፤ ሊቀ ቀለማት አድማሴ አሉባት።

ማዕረጉን የሰጣቸው ቤተ ክህነት ሳይሆን ሻይ ቤት ነው። ሥራቸው ሥዕልና ሰሌዳ ሲሆን፣ ክርስትናቸው እንዳለ ሆኖ፣ እምነታቸው ማብራት ነው። ከአክሪሊክ ቀለም ጋር የሚደባለቅ ወተት የመሰለ ፈሳሽ አለ። ግሎስ የሚባለው ዓይነት ሲደርቅ ቀለሙን እንደ መስታወት ያንጸባርቀዋል። ማት የሚባለው ብርሃኑን ውጦ የረጋ ፊት ይሰጠዋል። ሊቀ ቀለማት ማትን «አመድ» ይሉታል። «አመድ ለመቀባት እኔ ምን አስፈለግሁ?»

ሥጋ ቤቱ በር ላይ የሣሉት ሰንጋ በጋ ከክረምት ዝናብ የመታው ይመስላል። ጥቁር ሰሌዳ ያድሱ ተብለው ትምህርት ቤት ሄዱና በግሎስ አደሱት። ጠመኔው ተንሸራተተ፤ ተማሪዎቹም ከሒሳቡ ይልቅ ከኋላቸው በመስኮት የምታልፈውን አህያ ሰሌዳው ላይ ሲከታተሉ ሰነበቱ። መምህሩ ሊያለቅስ ሲደርስ፣ «አብሽር፣ ልጆቹ ብርሃን ይልመዱ» አሉት።

ከጅዳ የተመለሰችው ኡሙልኸይር የሳሎኗ ግድግዳ ላይ የዓባይን ገደል አሥላ ነበር። ማታ መብራቱ ሲበራ ገደሉም ወንዙም ይጠፋና አምፖሉ ብቻ ይታያል።

«ጋሼ፣ ወላሂ እኔ ያዘዝሁት ገደል ነው፤ አምፖልማ ነበረኝ» አለቻቸው።

«ታዲያ ሁለት ሆነልሽ። ምን አነሰሽ?»

ዝናሽ እኒህ ሰው ዘንድ የሄደችው ሌላ ሠዓሊ ስላጣች ነው። የወረዳው መዝገብ ቤት ኃላፊ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረችውም ይህንኑ ነው። በእጇ ያለፈ ፋይል ቦታውን አይስትም። ታናሽ ወንድሟ ይሄነው ግን ሪያድ ላይ ከሕንፃ ወድቆ ሞተና እዚያው ተቀበረ። አገሩ የደረሰው አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ነው።

እናቷ እትዬ ፈንታዬ መርዶውን አልቀበልም አሉ። «ሬሳውን ያላየሁትን ልጅ አላለቅስም። ስልኩ ጠፍቶበት ነው።» ማታ ማታ ድርሻውን ከመሶቡ ያስቀራሉ፤ ጠዋት የደረቀውን አንስተው፣ ሲመሽ ትኩስ ይተኩበታል።

ዘመድ መክሮ ልቅሶውን ለእሑድ ቆረጠ። አስከሬን ባልመጣበት ልቅሶ የሟቹ ልብስ ሜዳ ላይ በወጣ አልጋ ይዘረጋል፤ ምስሉ ከራስጌ ይቆማል። እናቲቱ ያንን ፊት አይተው ካላለቀሱ በሌላ በምንም አያለቅሱም። ዝናሽ ይህን ስለምታውቅ ማቱን ራሷ ከደሴ አስመጥታ ሄደች።

«ልቅሶው ፀሐይ ላይ ነው፣ ጋሽ አድማሴ። ፊቱ ከየትኛውም ጎን መታየት አለበት። ግራ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንዳይረሷት።»

«አብሽሪ፣ ልጄ።»

«አብሽሪ አይደለም። ማት ይበሉኝ።»

«ማት» አሉ ሊቀ ቀለማት፣ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸውን አጨማደው።

እሑድ ማለዳ በነጠላ ጠቅልለው አመጡት። ዝናሽ ጓዳ ውስጥ ገለጠችው። ይሄነው ነው። ጠባሳዋ ቦታዋን ይዛለች፤ ከአንድ ወገን የሚጀምረው ፈገግታው እንኳ አልቀረም። ወደ በሩ ዞር ስታደርገው ግን አብለጨለጨ።

«ጋሽ አድማሴ!»

«በማትሽ ቀብቼው ነበር፤ ማርያምን» አሉ። «ጥቁረቱ ሸሸና ፊቱ አመዳይ መሰለ፤ ሬሳ ሆነብኝ። በላዩ ግሎስ አስኬድሁበት። እኔ ሬሳ አልሥልም።»

ለቀስተኛው ከወግዲና ከአቀስታ መግባት ጀምሮ ነበር።

ምስሉን ራስጌው ላይ አቆሙት። ፀሐይዋ ከደመናው ስትወጣ የይሄነው ፊት አንድ ገበታ ነጭ ብርሃን ሆነ። ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ ቢዞረው ዓይኑን ከመከለል በቀር ያየው ነገር የለም። እትዬ ፈንታዬን ደግፈው አቀረቧቸው። ቆመው አዩ።

«ይኸው፣ ማንም የለበትም» አሉ። «አላልኋችሁም?»

ወደ ቤታቸው ዞሩ።

ይኼኔ ሊቀ ቀለማት አድማሴ ከወንዶቹ መካከል ወጡ። ጋቢያቸውን አወለቁ፤ ከፀሐይዋ በኩል ቆመው በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ ዘረጉት። ጥላው አልጋው ላይ ወደቀ። ብርሃኑ ከምስሉ ላይ እንደ ጨርቅ ተገፈፈና ፊቱ ወጣ።

«እማዬ፣ ተመለሺ» አለች ዝናሽ። «አሁን እዪው።»

አሮጊቷ ተመለሱ። ጎንበስ ብለው ጠባሳዋን በጣታቸው ነኩ። «አህያዋ የጣለችው ዕለት ናት ይቺ» አሉ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ጮኹ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ተከትሎ ጮኸ።

ፀሐይዋ ስትሄድ ሊቀ ቀለማትም አብረው ሄዱ፤ ከአልጋው ምሥራቅ ጀምረው ወደ ግርጌው እየተሳቡ። ሰው ሊተካቸው ቢመጣ፣ «አንተ ጥላ አታውቅም» ብለው መለሱት። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ማት ክፉነት ያጉረመርማሉ።

ዝናሽ ከማለዳው ጀምሮ ልትነግራቸው ያዘጋጀችው ቃል ነበራት። ሄደች፤ አጠገባቸው ስትደርስ ግን የጋቢውን አንዱን ጫፍ ያዘችና ወደ ላይ አነሳች። አጭር ስለሆነች ጋቢው ወደ እሷ አዘመመ። ሊቀ ቀለማት ጉልበታቸውን አጠፉና በእሷ ቁመት ልክ ዝቅ አደረጉት።