ትርፍ ነገር የሌለበት ሣጥን

ቢሆነኝ፦ አንዲት አበባ! አንዲት ብቻ ላድርግበት ወንዴ፣ በሚካኤል!

ወንዳወቅ፦ አበባ የለም አልኩህ።

ቢሆነኝ፦ እሽ፣ አበባው ይቅር። ጦርስ?

ወንዳወቅ፦ የምን ጦር?

ቢሆነኝ፦ እንደ አጥር በር ጫፍ ጫፉ ላይ ጦር ጦር ላቁምበት። ሌባ እንዳይዘለው።

ወንዳወቅ፦ ኮምፒውተር እኮ ነው! ቁመቱ ክንድ አይሞላም! ማን ነው የሚዘለው? ድመት?

(ነገሩ ፍኖተ ሰላም ላይ ነው፤ ከእትየ ሠርክአዲስ አጥር ሥር፣ ሸራ ተወጥሮ ከተሠራች የብየዳ ቤት። ቢሆነኝ የበርና የመስኮት በያጅ ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ ነገር ሲገባው ግን በእርጥብ እንጨት እንደተጣደ ድስት ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚፈላ። ወንዳወቅ ማኅበርተኛው ነው። ባሕር ዳር ወርዶ ኮምፒውተር ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም መኖሩን አያውቅም። እትየ ሠርክአዲስ «ክረምት ሳይገባ አጥሬን ልቀቁልኝ» ብለዋል። ቡሬ ላይ ደግሞ የጥቃቅንና አነስተኛ ባዛር ተጠርቷል፤ ሥራው የተመረጠለት ማኅበር መሥሪያ ሼድ ይሰጠዋል። ሼዱን አገኙ ማለት ቤት አገኙ ማለት ነው። ካጡት የብየዳ ማሽናቸውን ተሸክመው ጎዳና ላይ ናቸው። ወንዳወቅ ለውድድሩ ያሰበው ከላሜራ የሚሠራ የኮምፒውተር ሣጥን ነው፤ ውስጡ የሚገባውም ለሰው ጽሕፈት እየጻፈ እንጀራውን የሚያገኝበት የገዛ ኮምፒውተሩ አንጀት ነው።)

ወንዳወቅ፦ (ያሳተመውን ሥዕል እያወዛወዘ) እየው ይኸን! ፈረንጅ የሠራው ነው። አበባ አለው? የለውም። ጦር አለው? የለውም። ሚኒማሊስት ይባላል።

ቢሆነኝ፦ ሰውየው?

ወንዳወቅ፦ አሠራሩ! ትርፍ ነገር የሌለው ማለት ነው። የማያስፈልገው ሁሉ ይወጣል። ያው ባዶነቱ ነው ውበቱ።

ቢሆነኝ፦ አሃ! እንደ ባሕታዊ።

ወንዳወቅ፦ ምን አገናኘው?

ቢሆነኝ፦ ጌጡን ጥሎ፣ ዓለምን ንቆ... ብረቱ መንኗል በለኛ!

ወንዳወቅ፦ እንደፈለግህ በለው። ብቻ አበባ የለም።

ቢሆነኝ፦ አንተማ ምን አለብህ? የማፍረው እኔ! የቢሆነኝ በር ሲባል ከማንኩሳ እስከ ሽንዲ በአበባው ነው የሚታወቅ። አሁን ይኸን ልሙጥ ነገር ሲያዩ «ምነው ቢሆነኝ፣ ኤሌክትሮድ አለቀበት ወይስ ሚስቱ ጥላው ሄደች?» ቢሉኝስ?

ወንዳወቅ፦ የገባው ይገባዋል። በል እጠፍ ላሜራውን።

(ቢሆነኝ ላሜራውን ሞርሳ ላይ አስሮ በመዶሻ ቀስ እያለ ያጥፈው ጀመር። እጁ ብረቱ ላይ ነው፤ ልቡ ግን አበባዋ ላይ ቀርቷል።)

ቢሆነኝ፦ ማጠፊያውን በቀኝ ላርገው በግራ?

ወንዳወቅ፦ ማጠፊያ የለም።

ቢሆነኝ፦ እጀታ?

ወንዳወቅ፦ የለም።

ቢሆነኝ፦ ጓጉንቸር ማንጠልጠያ?

ወንዳወቅ፦ የለም!

ቢሆነኝ፦ ታዲያ ኮምፒውተሩ በየት ነው የሚገባ? በጸሎት?

ወንዳወቅ፦ ከሥሩ። የሥሩ ላሜራ በቪቴ ይታሰራል፤ ማንም አያየውም።

ቢሆነኝ፦ ማብሪያውስ?

ወንዳወቅ፦ እሱም ከሥሩ። እጅህን ሰደድ ታደርግና ትነካዋለህ።

ቢሆነኝ፦ እንደ ላም።

ወንዳወቅ፦ ኤጭ!

ቢሆነኝ፦ መጠየቄ ነው እንጂ። ይራገጣል?

ወንዳወቅ፦ ሥራህን ሥራ አንተ ሰውዬ!

ቢሆነኝ፦ አትቆጣ እንግዲህ። ኤሌክትሪክ ያለበት ብረት መቼም አይታመንም። መተንፈሻውን ግን በትራፓኖ ልብሳለት? ዙሪያውን፣ እንደ ዶሮ ሣጥን።

ወንዳወቅ፦ አየህ፣ ሳይንሱ ጎሎሃል። ሙቀት የት ነው የሚሄደው? ወደ ላይ! እንግዲህ አናቱ ላይ አንዲት ስንጥቅ ትበቃዋለች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች። ሌላ ምንም።

ቢሆነኝ፦ ሊያጨስ ነው?

ወንዳወቅ፦ አያጨስም!

ቢሆነኝ፦ ካላጨሰ መውጫው ምን ሊሠራለት?

ወንዳወቅ፦ አየር! አየር ነው የሚወጣው!

ቢሆነኝ፦ ማነው ያስገባበት?

ወንዳወቅ፦ (ራሱን በሁለት እጁ ይዞ) ቢሆነኝ፣ አንተ ቁረጥ። ማሰቡን ለእኔ ተወው።

ቢሆነኝ፦ እሽ፣ እሽ። ስንጥቋ ምን ታህል?

ወንዳወቅ፦ ጣት የማታስገባ። ሕፃን እጁን እንዳይሰድ። የተማረ ሰው ሁሉን አስቀድሞ ያስባል፣ አየህ።

(ቢሆነኝ አናቱን በግራይንደር ሰነጠቀው። ጠርዙን ሞረደው። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ ውሎ ሣጥኑ እንደ ጠበል ጽዋ ማብረቅረቅ ጀመረ። እሱም እያሸ ሳለ ልቡ ተረታ፤ ለካ ይኸም ያምራል! ይኸን ግን ለወንዳወቅ አይነግረውም።)

ቢሆነኝ፦ ስሜንስ? ከጎኑ በብየዳ ልጻፍበት።

ወንዳወቅ፦ ስምም ትርፍ ነው።

ቢሆነኝ፦ ክርስትና ያልተነሳ ሣጥን!

(ቡሬ። የባዛሩ ቀን ነው፤ ዕለቱ ደግሞ ሚካኤል። ያስቀደሰው ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን እንዳጣፋ በባዛሩ ደጅ ይጎርፋል። የእነ ወንዳወቅ ድንኳን መግቢያው አፍ ላይ ነው። ሣጥኑ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ለብቻው ደጅ ተቀምጧል። ገመዱ በጨርቁ ሥር ተሸሽጎ ወደ ውስጥ ገብቶ ከስክሪኑ ይገናኛል። ሁለቱ ጀርባቸውን ለደጁ ሰጥተው ስክሪኑን ያስተካክላሉ። ኮሚቴው ከማር ማኅበሩ ድንኳን ደርሷል፤ ቀጥሎ እነሱ ናቸው።)

ቢሆነኝ፦ አንዲት ወረቀት ላይ «ኮምፒውተር» ብለን ብንለጥፍበት ምናለ?

ወንዳወቅ፦ ወርቅ ላይ «ወርቅ» ተብሎ ይጻፋል? ይልቅ ጥላ ዘረጋህለት?

ቢሆነኝ፦ ዘርግቻለሁ። ሚስቴ ያምሮት ለእህቷ ሠርግ የገዛቻትን ጃንጥላ፤ ቀይዋን፣ ባለ ዘርፏን።

ወንዳወቅ፦ ጎሽ። ኮምፒውተር ፀሐይ አይወድም።

(ከደጅ፦ ቅጭል!)

ቢሆነኝ፦ ምንድን ነው?

ወንዳወቅ፦ ሃርድ ዲስኩ ነው።

ቢሆነኝ፦ ምን ሆነ?

ወንዳወቅ፦ እያነበበ ነዋ።

(ቅጭል! ቅጭል!)

ቢሆነኝ፦ ኧረ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያነብ!

ወንዳወቅ፦ ብረቱ ነው የሚያስተጋባው። ድሮ በፕላስቲኩ ሳለ ታፍኖ ነበር፤ አሁን ነፃ ወጣ። ይኸው ነው የዲዛይን ጥቅም።

(ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቂው... ትስስ።)

ቢሆነኝ፦ ወንዴ፣ ስክሪኑ ጠቆረ።

ወንዳወቅ፦ መብራት ሄዶ ነው።

ቢሆነኝ፦ የጎረቤት ቴፕ እየዘፈነ?

ወንዳወቅ፦ እ... እንግዲያው እያረፈ ነው። ኮምፒውተር ሥራ ሲያጣ ዓይኑን ይጨፍናል። አንተ አልተማርክም፣ አልፈርድብህም።

ቢሆነኝ፦ ይኸ የሚሸተውስ?

ወንዳወቅ፦ አዲስ ዕቃ ሲሞቅ ይሸታል።

(ቢሆነኝ አላስቻለውም። ዞር ብሎ ወደ ደጁ ቢያይ ያየውን ለማመን ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።)

ቢሆነኝ፦ ወንዴ... አንዲት እናት ኮምፒውተሩን ሳሙት።

ወንዳወቅ፦ (ሳይዞር) አላልኩህም? ዲዛይኑ ነው!

ቢሆነኝ፦ ሰገዱለትም እኮ።

ወንዳወቅ፦ ውበት ሰውን ያንበረክካል። ገና ምኑን አይተህ!

ቢሆነኝ፦ ኋላቸውም ሰልፍ ቆሟል።

ወንዳወቅ፦ ሼዱ የእኛ ነው በለኛ!

ቢሆነኝ፦ መቼም ይሆናል። ብቻ ሳንቲም ለምን እንደሚከቱበት ነው ያልገባኝ።

ወንዳወቅ፦ ዲዛይኑን... ምን? ምን ከተቱ?

(ወንዳወቅ ዘወር ይላል። ነጭ ጨርቅ። የተዘረጋ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ። ከሥሩ አናቱ የተሰነጠቀ ልሙጥ ሣጥን። ነጠላ የለበሰ ሰልፍ።)

ወንዳወቅ፦ (እየሮጠ) ኧረ እማማ! ኧረ ተዉ! ይኸ ኮምፒውተር ነው!

እማማ ካሰች፦ (ግንባራቸውን ከሣጥኑ ሳያነሡ) አሜን ልጄ፣ አሜን። የየትኛው ደብር ነው?

ወንዳወቅ፦ የደብር አይደለም! ኮምፒውተር ነው የምልዎት!

እማማ ካሰች፦ ግድ የለም፣ ለሁሉም ይደርሳል። (አንድ ሳንቲም ጨምረው ይሄዳሉ።)

ወንዳወቅ፦ (እጁን ከሥሩ ሰድዶ ማብሪያውን ደጋግሞ እየነካ) ሞተ! ቢሆነኝ፣ ሞተብኝ! ሳንቲሙ ቦርዱ ላይ ወድቆ አቃጠለው! የጽሕፈት እንጀራዬ!

ቢሆነኝ፦ እያረፈ አይደለም?

ወንዳወቅ፦ ዝም በል!

ቢሆነኝ፦ አንተ እኮ ነህ ያልከው።

(ኮሚቴው ከማሩ ድንኳን ጣቱን እየላሰ ወጣ። በዚያው ቅጽበት በሌላው ወገን ገበዝ ገብረ ሕይወት መሬቱን በመቋሚያቸው እየመቱ ደረሱ። ፊታቸው እንደ ሐምሌ ሰማይ ነው።)

ገበዙ፦ ማን ነው እዚህ ያለ ፈቃድ ደብዳቤ የሚለምን? የማን ደብር ናችሁ?

ወንዳወቅ፦ አባታችን፣ በእግዚአብሔር! እየለመንን አይደለም! ይኸ ሚኒማሊስት...

ገበዙ፦ ሚኒማሊስት የሚባል ታቦት አላውቅም!

ቢሆነኝ፦ ባሕታዊ ነው አባ፣ ለዚያ ነው የማያውቁት።

ወንዳወቅ፦ ቢሆነኝ!!

ቢሆነኝ፦ (ሣጥኑን ከገመዱ ነቅሎ በሁለት እጁ እያቀረበ) አባ፣ አይቆጡን። ሠርተነው ነው እንጂ ልንለምንበት አይደለም። የገባበትም ሳንቲም የእናንተው ነው፤ አውጥተን እንሰጥዎታለን።

(ገበዙ ሣጥኑን ተቀበሉ። ሊመልሱት ሲሉ እጃቸው እንቢ አለ። ዳሰሱት። ገለበጡት። በጉያቸው ያዙት።)

ገበዙ፦ ይኸ... በየት ነው የሚከፈት?

ቢሆነኝ፦ ከሥሩ ነው አባ፤ በቪቴ።

ገበዙ፦ እጀታ የለው፣ መያዣ የለው! የኛን የምጽዋት ሣጥን ሌባ መስቀያውን ጨምድዶ ከነሥሩ ነቅሎት ሄደ። ይኸን ግን ምኑን ይጨመድዳል? ያዳልጠዋል እኮ! ማን ነው ያሰበው?

ቢሆነኝ፦ እሱ ነው አባ። የተማረ ነው።

ገበዙ፦ ያባቶች በረከት ይደርብህ ልጄ! ለኛ ደብር ሥሩልን። ለአጥቢያዎቹም እኔው እነግራለሁ።

(ኮሚቴው ደርሶ ይኸን ቆሞ ሲሰማ ነበር። ሰብሳቢው ፋይላቸውን ገልጠው «እዚህኛውስ የገበያ ትስስሩ እንዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የማር ማኅበሩም የሸማ ማኅበሩም መልስ ያጡላት ጥያቄ ይህች ናት።)

ወንዳወቅ፦ ጌታዬ፣ ይኸ ዕቃ በመሠረቱ የኮም...

(ቢሆነኝ በብየዳ ጫማው የወንዳወቅን እግር ረገጠ።)

ወንዳወቅ፦ ...የኮ... ዋይ!

ቢሆነኝ፦ ትስስሩማ ይኸው ቆሟል ጌታዬ። ገበዙን ይጠይቋቸው።

ገበዙ፦ እኔ ምስክር ነኝ! ገና ደጅ ላይ ሳለ ሕዝቡ ተሰልፎበታል።

(ሰብሳቢው ወደ ባልደረቦቻቸው ዞሩ፤ ተንሾካሾኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የቢሆነኝን እጅ ጨብጠው «ሼዱን ለመረከብ ሰኞ ኑ» አሉ። ቢሆነኝ እስከ ጆሮው ሳቀ። ወንዳወቅ ይሳቅ ይልቀስ ሳያውቅ አንድ እግሩን ይዞ ቆሟል።)

ገበዙ፦ እንግዲህ ይችን አሁኑኑ ልውሰዳት። አንዲት ነገር ብቻ አስተካክሉልኝ።

ወንዳወቅ፦ (ተስፋ ብልጭ ብሎበት) ይበሉ አባታችን፤ ዲዛይኑ ላይ ነው?

ገበዙ፦ የለም፣ እሱስ ፍጹም ነው። ውስጡ የከተታችሁትን ኮተት አውጡልኝ። የሳንቲሙን ቦታ ይዞታል።

(ቢሆነኝ ሣጥኑን አየ፤ ወንዳወቅን አየ፤ ድስቱ በመጨረሻ ፈላ።)

ቢሆነኝ፦ ወንዴ! ትርፍ ነገር ስትል ምን ማለትህ እንደነበረ ገና አሁን ገባኝ!